የሸጋ እጅ ቀን

ባለቤቴ ልብስ የምታሰጣው አንቴናዬ ላይ ነው። ከጣሪያችን ጫፍ ተነስቶ ግቢው ጥግ ካለው ባህር ዛፍ ጋር የታሰረው ሽቦ ለእኔ ከሰው ጋር የምገናኝበት መንገድ ነው፤ ለእሷ ግን ያው የልብስ ገመድ ነው። በዚህ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል መሰላችሁ። እርጥብ ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት ቀን ራዲዮዬ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል። ወጥቼ ስቆጣ፣ «ታዲያ ላንተ ወሬ ብዬ ልብሱን ጉያዬ ውስጥ ላድርቀው?» ትለኛለች። በመጨረሻ ሽማግሌ ሳያስፈልገን ታረቅን፤ እሁድ ጠዋት ሽቦው የእኔ ነው፣ የቀረው ቀን የእሷ።

እዚህ ወልድያ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አማተር ራዲዮ የሚባለው ነገር የያዘኝ ገና በወጣትነቴ ነው። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ትርፍ፣ በአየር ሞገድ እየተጠራሩ መጨዋወት ነው ሥራው፤ ሥራ ከተባለ። የራዲዮ ፈቃዴን በመስታወት አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሽቦውን ያየ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ማለቱ አይቀርም፣ እኔም ባየሁት ሰው ቁጥር ማስረዳት ያንገሸግሸኛል። የባሰው የሚመጣው በድምፅ ሳይሆን በሞርስ ኮድ እንደምንነጋገር ሲሰሙ ነው። ነጥብና ሰረዝ ብቻ፤ አጭር ድምፅና ረጅም ድምፅ፤ ፊደሉ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይሠራል። «ስልክ እያለ?» ይሉኛል። ድሮ እናደድ ነበር። አሁን «ኳስን በእጅ ይዞ መሮጥ እየተቻለ ለምን በእግር ይመታል?» እላቸውና ወደ ሻዬ እዞራለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምንገናኘው አራት ሰዎች ነን። አንዷ አዲስ አበባ የምትኖር መሐንዲስ ናት፤ ከሁላችንም ወጣት፣ ከሁላችንም ፈጣን። አንዱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከቦች ጋር በራዲዮ ሲነጋገር ያረጀ ሰውዬ ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛውን አሳምሮ ያውቀዋል። አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍን እንጨዋወታለን። አራተኛው የመርሳው ጓደኛዬ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

እሱ ድሮ ደሴ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ቴሌግራፍ ሲቀር ወደ ተወለደበት ወደ መርሳ ተመለሰና የራዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ከፈተ። ሱቁ ሲሉት ሱቅ፣ ሲሉት ደግሞ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ምክንያቱም ጓደኛዬ ሰላምታ አያልቅበትም። የወሎ ሰው ሰላምታ ይወዳል ይባላል፤ የእሱ ግን ከወሎም ይበዛል። ራዲዮውን ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ አማቱ ወገብ ተጠይቆ እስኪጨርስ ራዲዮው ተሠርቶ ያልቃል።

በአየር ላይም ያው ነው። በሞርስ ዓለም ግን ወግ ማሳጠር ነው። መልካም ምኞት እንኳ በቁጥር ይሰጣል፤ ሰባ ሦስት ብሎ የመታ ሰው «መልካሙን ሁሉ ይስጥህ» ማለቱ ነው፣ አለቀ። ጓደኛዬ ይህን ነገር ዕድሜውን ሙሉ አልተቀበለውም። «ምርቃት በቁጥር ይሰጣል እንዴ? ወላሂ ነውር ነው!» ይላል። ስለዚህ በተራው እየመታ ባለቤቴን ይጠይቃል፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ የሚያመኝን ጉልበቴን ይጠይቃል፣ ጎረቤቴን ይጠይቃል፤ በመጨረሻም «ባህር ዛፉስ?» ይላል። ሽቦዬን የተሸከመው ባህር ዛፉ ስለሆነ፣ እሱ ከወደቀ መገናኘታችን ይቀራል ባይ ነው። ከዚያ ሰባ ሦስቱን ትቶ «አብሽር» ብሎ ይዘጋል። ወሎ ውስጥ ያዘነውንም የደከመውንም የምናጽናናበት ቃል ናት። የጅቡቲው ሰውዬ ዛሬ ከእሱ ተምሮ አብሽር ይላል፤ መሐንዲሷም እንዲሁ።

እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። እሱ ገና ሁለተኛ ልጄ ላይ ሳለ «ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ደህና» ብዬ እገባበት ነበር። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ይጠብቀኝና ከሁለተኛ ልጄ ይቀጥላል።

አሁን ስለ እጅ ልናገር። በራዲዮ ቋንቋ እጅ ማለት የአመታት መልክ ነው። ሁለት ሰው አንድ ቃል ቢመታ ጆሮ ይለየዋል፤ አንዱ ሰረዙን ይጎትታል፣ አንዱ በቃላት መሃል ይተነፍሳል። የመርሳው እጅ የተለየ ነው። ስሙን ሳይመታ ከመጀመሪያዋ ፊደል እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ደረጃ ሲወጣ የኮቴውን ድምፅ እንደምታውቁት ሰው።

በዓለም ላይ እንዳሉ ብዙ አማተሮች እኛም በዓመት አንድ ቀን አለን። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ፣ ነጥቡንና ሰረዙን አስተካክሎ የሚያወጣውን አውቶማቲክ መሣሪያ ሁላችንም እናስቀምጥና አሮጌውን የናስ መምቻ በእጃችን ብቻ እንመታለን። ውድድር አይደለም፤ አሸናፊ የለው፣ ሽልማት የለው። እንጨዋወታለን፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሰው የዚያን ቀን እጁ ያማረለትን ሰው ይጠራል፤ በቃ። ስሙንም ያወጣለት ጓደኛዬ ነው፤ የሸጋ እጅ ቀን። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው እሱ ነው። አንዳንዴ መሐንዲሷ ትጠራለች፤ የጅቡቲውም ተጠርቶ ያውቃል። እኔን አንድም ሰው ጠርቶኝ አያውቅም። መሐንዲሷ አንድ ጊዜ «የእርስዎ እጅ እኮ በር የሚደበድብ ፖሊስ ነው» አለችኝ። ከሌሎቹ ጋር አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ቅር ብሎኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ባለፈው መስከረም አንድ እሁድ መርሳ ዝም አለች። በማግስቱ የጓደኛዬ ባለቤት ደወለችልኝ። ስትሮክ መትቶታል፤ ቀኝ እጁና ምላሱ ተይዘዋል። ሐኪሞቹ ሐሳቡ ሙሉ እንደሆነ ነግረዋታል፤ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይሰማል፣ እግሩም እየተጎተተ ይሄዳል፤ ምላሱ ነው አልታዘዝ ያለው። ቤት ከገባ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ። ስልክ ላይ አልቀርብም አለ። ከግራና ከተማ ድረስ ሊጠይቁት ከመጡ የእሷ ዘመዶች ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከመስጊድ ሲመለስም ሰው በማይበዛበት በኋላ በር በኩል ያለውን መንገድ ይመርጣል አለችኝ፤ ሰላም ካሉት መመለስ አለበት፣ ሲመልስ ደግሞ ይንተባተባል። ያ ሁሉ ሰላምታ የነበረው ሰው ከሰላምታ መሸሽ ጀመረ። ይህን ስሰማ ደሜ ነው የፈላው፤ በማን ላይ እንደተቆጣሁ ግን እኔም አላውቅም።

ጥር ሲገባ ሌላ መልእክት መጣ። «ራዲዮዋን መጥተህ ውሰዳት ብሏል» አለችኝ። ድምጿ ቀጭን ነበር። ራዲዮዋ ከቤቱ ከወጣች እሱም አብሮ ከሰው መሃል እንደሚወጣ ሁለታችንም ገብቶናል።

«መርሳ፣ ውርጌሳ! የሞላ!» እያለ ባዶ መኪና ከሚያስሞላ ረዳት ጋር ተጨቃጭቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በቦርሳዬ የሠራሁትን መፍትሔ ይዤ ነበር፤ ለግራ እጅ ያዘጋጀሁትን አውቶማቲክ መምቻ። ሁለት ምላስ አለው፤ አንዱን ሲነኩት ነጥብ፣ ሌላውን ሲነኩት ሰረዝ ተስተካክሎ ይወጣል። እጅ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለውም። መንገዱን ሁሉ በራሴ ስኮራ ደረስኩ።

መርሳ ከወልድያ ይሞቃል፤ ሹራቤን ሳላወልቅ በላብ ተጠመቅሁ። ባለቤቱ በር ላይ ተቀበለችኝ። «ምነው ጠፉሳ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ አልሐምዱሊላህ መጡ» አለች። ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር መደብ ላይ ተቀምጧል። የእሱን ሽቦ የተሸከመው ማንጎው ነው። አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ራዲዮዋ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

ግራ እጁን አነሳልኝ። ተሳሳምን። ከዚያ ጠበቅሁ።

ምንም አልጠየቀኝም። ባለቤቴን አልጠየቀም፣ ልጆቼን፣ ጉልበቴን አልጠየቀም። እኔ ስንት ዘመን ይህን ሰላምታ አሳጥርልኝ ስል የኖርኩት ሰው፣ ጥያቄው ሲጎድልብኝ ምን እንደምሆን ጠፋኝ። እሱ በጭንቅ «ው... ሰዳት» አለና ወደ ፎጣው አመለከተ። ልቤ ተሰበረ።

ስሰበር የማደርገውን አደረግሁ፤ ሥራ ጀመርኩ። ፎጣውን ገልጬ መሣሪያዬን ገጠምኩና ግራ እጁን ወስጄ አስነካሁት። ከድምፅ ማጉያው ጥርት ያለ፣ እኩል እኩል የተቆረጠ ሞርስ ወጣ። እንከን የለውም! «ይኸው! ይኸው!» ብዬ አጨበጨብኩ። እሱ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ የራሱን አመታት አዳመጠ። ትንሽ መታ፣ አቆመ፣ ደግሞ መታ። ከዚያ መሣሪያውን በቀስታ ገፋና አንድ ነገር አለ፤ እኔ አልለየሁትም።

ባለቤቱ እያየችኝ፣ «‹ይሄማ ማንም ነው› ይልዎታል» አለች።

ልክ ነበር። ያ ድምፅ የጃፓን ይሁን የብራዚል፣ የማን እንደሆነ አይለይም። እኔ እጁን ልመልስለት መጥቼ እጅ የሌለው አድርጌው ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ታዲያ ምን ይሁንልህ?» ብዬ ጮህኩበት፤ በታመመ ሰው ላይ። «በናሱ የማትመታው እጅህ አስቀያሚ ይሆናል ብለህ ነው? እኔ ዕድሜ ልኬን አስቀያሚ እጅ ይዤ ኖሬ የለም? በሩን እየደበደብኩ ስመጣ ስትሰሙኝ ኖራችሁ የለም? ማን ሞተ?»

ከዚያ በግማሽ አፉ ሳቀ። ባለቤቱ ፊቷን ወደ ማንጎው አዞረች፤ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያኔ ነው መሰለኝ።

«ራዲዮዋን አልወስድም» አልኩት። «የሸጋ እጅ ቀን እስኪያልፍ እዚህ ትሁን። ከዚያ በኋላም አልፈልግም ካልክ፣ እኔው መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቃሌ ነው።» የናሱን መምቻ ከጠረጴዛው ቀኝ ነቅዬ በግራ በኩል በብሎን አሰርኩለት። ስወጣ ባለቤቱ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን አስያዘችኝ። «አብሽሩ፣ አላህ ያሽረዋል» አለችኝ፤ መጽናናት ያለባት እሷ ሆና እኔን አጽናናችኝ።

የሸጋ እጅ ቀን ሳልነግራት ባለቤቴ ከሽቦው ላይ የቀረችውን አንዲት ካልሲ ሳይቀር አነሳች። ራዲዮውን ከፈትኩ። መሐንዲሷ መጣች፣ የጅቡቲው መጣ። ነገሩን አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ማንም ስለ መርሳ አልጠየቀም፤ ግን በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ ክፍተት እየተውን እንመታ ነበር፣ ምናልባት የሚገባ ካለ ብለን። አንድ ዙር አወራን። ስለ ሙቀት አወራን። ስለ መርከብ አወራን። መርሳ የለም። ተስፋ ቆረጥኩ፤ ራዲዮዋን ለማምጣት የትኛውን ቀን እንደምሄድ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

የጅቡቲው ሲጨርስ አንድ ሰረዝ ተሰማ። በጣም ረጅም፣ እንደ ስህተት የረዘመ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣ ያልተስተካከለ። ሁላችንም እጃችንን አነሳን። የራዲዮ ስሙ የሆነውን መለያ ጥሪውን መምታት ጀመረ፤ መሃል ላይ ተሳሳተ፤ ሲሳሳቱ የሚመቱትን ተከታታይ ነጥቦች መትቶ ሰረዘውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግሞ ተሳሳተ። ደግሞ ጀመረ። ጥርሴን ነክሼ አዳምጥ ነበር፤ «በርታ፣ በርታ» እላለሁ ለብቻዬ። መጨረሻ ላይ ጥሪው ሙሉ ሆኖ ወጣ።

በእኛ ወግ ቀስ ብሎ ለጠራ ሰው በእሱው ፍጥነት ነው የሚመለሰው። ያቺ ፈጣን መሐንዲስ ፊደል በፊደል፣ በእሱ እርምጃ መለሰችለት። የጅቡቲውም እንዲሁ። ተራው የእኔ ሆነ። እጄ ለመሮጥ ለምዷል፤ ያዝኩት። አንዷን ፊደል መትቼ እንድትጨርስ ጠበቅሁ፤ ሌላዋን መታሁ። እንዲህ ስመታ ትከሻዬ ሁልጊዜ ተወጥሮ እንደሚኖር ገና ያኔ ታወቀኝ። «እንኳን ደህና መጣህ» ለማለት የፈጀብኝ ጊዜ ድሮ አንድ ሙሉ ጨዋታ ይጨርስ ነበር፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ከዚያ እሱ ሰላምታ ጀመረ።

አላሳጠረም። በዚያ በሚንገዳገድ ግራ እጁ የመሐንዲሷን እናት ጠየቀ፣ የጅቡቲውን የታመመ ዓይን ጠየቀ፣ ወደ እኔ መጣና ባለቤቴን፣ ልጆቼን ተራ በተራ ጠየቀ። አልገባሁበትም። አንዴም «ሁሉም ደህና» አላልኩም። መብራት ሄደና ወደ ባትሪ ዞርኩ። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሰዓቱ የእሷ ሆኖ ነበር።

«ምን አለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ገና ጉልበቴ ላይ ነው የደረሰው» አልኳት።

ሳፋውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ጉልበቴ ላይ ሳለም ደከመው፤ «ይቅርታ፣ እጄ ዛለ» አለና አቆመ። የመጠራሪያው ጊዜ ደረሰ። ለእሱ ልስጠው ወይ ብዬ በልቤ ተሟገትኩ። ግን አውቀዋለሁ፤ በእጅ የሚቀልድ ሰው አይደለም፣ በምሕረት የተሰጠው ነገር ያቆስለዋል። የዚያን ቀን እጇ ያማረላት መሐንዲሷ ነበረች፤ እሷን ጠራሁ። የጅቡቲውም እሷን ጠራ። እሷ የጅቡቲውን ጠራች። መርሳን ማንም አልጠራም፤ በዚህ ጓደኞቼን ይበልጥ ወደድኳቸው።

የእሱ ተራ መጣ። ቀስ ብሎ መታ። ወልድያ።

ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ምነው?» አለችኝ። በእጄ ቆይ አልኳት፤ እሱ እየቀጠለ ነበር። «እጅህ ዛሬ ሸጋ ሁኗል። ምነው ቀድሞ እንዲህ ብትመታ?» አለኝ። አለቀስኩ። ምን እደብቃለሁ፤ ይሄ ሁሉ ዕድሜ ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ በአንዲት ቃል አለቀስኩ። ከእሱ ጋር እኩል ልራመድ ብዬ እንጂ ለማሳመር አልነበረም የመታሁት።

መሐንዲሷ «አብሽር» ብላ ዘጋች። የጅቡቲው «አብሽር» ብሎ ዘጋ። እኔና መርሳ ቀረን። ቃል ቃል ነውና መጠየቅ ነበረብኝ። እጄን አረጋግቼ፣ «ራዲዮዋን መቼ መጥቼ ልውሰድ?» ብዬ መታሁ።

ባትሪው እየደከመ ነው። ባለቤቴ በሳፋው ውስጥ ያለውን እርጥብ አንሶላ በጣቷ ትነካካለች። ዛለ የተባለው እጅ ከመርሳ በኩል እንደገና ተነሳ፤ አንዷን ፊደል፣ ከዚያ ሌላዋን።

«ባህር ዛፉስ?» አለኝ።

ስለ ባህር ዛፉ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ ነገርኩት፤ ቀስ ብዬ።